ቀሪ

ሊትሪም አውራጃ፣ ጭቃው ከሣሩ የሚበዛበት፣
ላም ስትረግጠው መሬቱ ውሃ የሚተፋበት፣
በዚያ ሚያዝያ የከብት ገበያው በር በሰንሰለት ታስሮ፣
ገበሬው ካልተሸጡት ጥጆቹ ጋር በረት ውስጥ ታጉሮ፣
መንግሥት «ይደጎሙ» አለ።
እኔም ከሻነን ወንዝ ዳር፣ በጊዜያዊ ውል የገባሁ ጸሐፊ፣
ቅጽ ቆጣሪ ሆንኩ፤ ማኅተም መቺ፣ ቁጥር ለጣፊ።

ሕጉ ቀላል ነበር፦ በአንድ የቀንድ ከብት መቶ ዩሮ።
ፌርጋል ብሬስሊን ሦስት መቶ በሬውን ቆጥሮ
በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ትራክተር ነዳ፣
የወንበሩ ላስቲክ ገና ሳይቀደድ፣ ሳይጎዳ።
በደለ አልልም። ቅጹ ንጹሕ ነው፤ ፊርማው ቀጥ ያለ፤
ችግር በቀንድ ሲሰፈር ግን
ባለ ብዙው የበለጠ ተቸገረ ተባለ።

ፊንባር ማክጎወን፦ ስምንት ላሞች።
ቅጹን በእርሳስ ሞልቶ፣ በቀለም ደግሞበት፣
ጥጉ ላይ የሻይ ይሁን የፋንድያ ቢጫ ክብ አትሞበት
ልኮልን ነበር። ስምንት መቶ ወጣለት።
ገንዘቡ ባንክ ሲገባ
እሱ አፈር ከገባ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነበር።
ለቀብሩ አሥር ሰው ተፈቀደ፤ ሌላው ጎረቤት በመንገዱ ዳር
መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣
ሬሳው ሲያልፍ አማተበ፤ ለቅሶውን በጭምብል ሸሽጎ።

ደንቡ፣ ገጽ አሥራ አራት፦ «ለሟች አይከፈልም፤ የተከፈለም ይመለስ።»
የጻፍኩላት እኔ ነኝ። «ለወይዘሮ ኡና» ብዬ፣ ቃል ሳላለሰልስ።
ስሟን በልቤ በአማርኛ ስደግመው አንዲት ፊደል አዳለጠኝ፤
ኡና ልል ኦና አልኩ፤ ሰው የለቀቀው ቤት ደጃፉ ታየኝ።
የደብዳቤውንም ቀሪ፣ እንደ ወጉ፣ ከመዝገቡ አያያዝኩ።

መልሷ ባምስተኛው ቀን መጣ፤ ቼክ ነው፣ ሳንቲም ያልጎደለ፤
ከራሴው ደብዳቤ ጀርባ፣ በቀጭን ጽሕፈት፣ እንዲህ የሚል አለ፦

«ጌታዬ፣ ገንዘቡን መልሻለሁ። ሟች እንደማይበላ አውቃለሁ።
ላሞቹ ግን የሞቱን ወረቀት አላነበቡም።
ማለዳ በሩ ላይ እምቧ ይላሉ፤ እኔን ሲያዩም ዝም አይሉም፤
ከኋላዬ እሱን ይፈልጋሉ።
ድርቆሹን የምሸከም እኔ ነኝ፤ ጉልበቴም ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
ቅጻችሁ ላይ ‹አርቢ› የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤
አርባ ዓመት በሌሊት ጥጃ ሳዋልድ፣ የት መስመር ላይ ነበርኩ እኔ?
ለመጠየቅ ያህል ነው። የቴምብሩ ዋጋ ከእኔ።»

ለአለቃዬ አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።
«በራሷ ስም ታመልክት» አለ፤ ከዚያ ቀን መቁጠሪያውን አየና ድምፁ ሸሸ፤
ማመልከቻ የተዘጋው ዓርብ ነበር፤
ደብዳቤዬ የደረሳት ሰኞ።

ሐምሌ ላይ መንገድ ሲፈቀድ በቤቷ በኩል አለፍኩ፤ አልቆምኩም።
ላሞቹን ቆጠርኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ። ስድስት ናቸው፤ ብደግምም አልጨመሩም።
ኡና አጥሩ ጥግ ነበረች፣ የባሏን ሰፊ ቦቲ አጥልቃ፤
እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ እዚያ አገር ለሚያልፍ ሁሉ ሰላምታ ነው፤
ጻፊው እኔ መሆኔን የት አውቃ!

በማግስቱ መዝገቡን ዘጋሁ።
ተከፋይ፦ ስምንት መቶ። ተመላሽ፦ ስምንት መቶ። ቀሪ፦
እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ። ማሽኑ ጠበቀኝ፤ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም አለች።
ዜሮ ጻፍኩ።
ክብ ናት፤ ሳያት የበረት አጥር ትመስላለች፤
ስድስት ላሞች ከውስጧ ጭቃውን ይረግጣሉ፤
በሩ ላይ፣ ድርቆሽ ተሸክማ፣ አንዲት ሴት ቆማለች።