ግጥም አለ ወይ?

ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ ወጣሁ፣
ስፌቴን በጅምር፣ መርፌ እንደሰካሁ።
ቪትዟ ቆማለች ከጋራዡ ደጃፍ፣
ቤንዚን ቤንዚን ይላል ትንፋሿ ከጭራዋ ጫፍ።
ከመሪው ኋላ ያች ቢጫ መብራት በራች፣
ከአረፋ ወዲህ ዓይኗን አልጨፈነች።

ጣሂር ከሥር ገባ፣ በጀርባው ተኝቶ፣
ብዙ ቆይቶ ወጣ፣ ፊቱ ጥላሸት ተቀብቶ።
«ካታላይዘሯ» አለኝ፣ «ቆርቆሮው ብቻ አለ፣
እንደ ማር እንጀራ የነበረው ሆዷ፣ ውስጡ የለ።
አንድ ቀደም ያለ እጅ ቦርቡሮ ሸጦታል፤
ሴንሰሩም ደክሟል።
ቦሎ ሳይደርስብሽ ፈልጊ ያገለገለ፣
ግን ተጠንቀቂ፣ መሳይ ሞልቷል፤ ልክ ነው የሌለ።»
ቁጥሩን በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጻፈው።

አሮጌውን ጋስኬት ካርቶን ላይ አኖርኩት፣
በልብስ ሳሙና ስባሪ ዙሪያውን ነደፍኩት፣
እንደ ሸሚዝ ኮሌታ በመቀስ ቆረጥኩት።

ሒርማታ፣ ሐሙስ ነው። አዌቱ ደፍርሷል፣
ከድልድዩ ማዶ ብረት ተከምሯል፤
በር ያለ መኪናው፣ መሪ ያለ ሰው፣
ማርሚታው በገመድ እንደ ሙዝ ዘለላ የተንጠለጠለው።
አባ ፊጣ ሜትሬን አዩና ሳቁ ከት ብለው፣
«ሃዳ ሙራድ፣ ለማርሚታ ነው ቀሚስ የምትሰፊው?»

«ለቀሚስ ቢሆንማ መች እዚህ እመጣለሁ፣
ጨርቅ ይለቃል አባ፤ ጠበበ ቢሉኝ እተረትራለሁ።
ብረት ግን ይቅርታ አያውቅም፤ አንድ ሚሊ ቢሳሳት፣
በዚያችው አንድ ሚሊ ነው የሚያፏጨው እሳት።»

የመጀመሪያው፣ ላይ ላዩን ሙሽራ፤
ባንድ እጄ ነቀነቅኩት፣
ሆዱ ውስጥ ስባሪ ተንኮሻኮሸ። መለስኩት።

ሁለተኛውን አነሳሁ፣ አዞርኩት ወደ ፀሐይ፣
በሺህ ቀዳዳ ገባ የጅማ ሰማይ፣
ንጹሕ፣ እንደ ወንፊት። ደስ አለኝ።
ካርቶኔን ከአፉ አስጠጋሁ፤
አንዱ የብሎን ቀዳዳ ዓይን ለዓይን ተያየ፣
ሌላው የጥፍር ያህል ሸሸ፣ ተለየ።

«ያው ቪትዝ ነው!» «ስሙ ያው ነው፤ ሞተሩ ይለያል፣
የኔ ባለ ሺህ ናት፣ ይህ ከባለ ሺህ ሦስት መቶ ወጥቷል።»
«መንትያ ናቸው እኮ!» «መንትያስ ጫማ ይዋዋሳል?»
«ልጁ በመሰርሰሪያ በደቂቃ ያሰፋዋል፤
የቀረውን ብየዳ ያስታርቃል።»

አውቀዋለሁ እኔ፣ የግድ የተገጠመ፣
ለሠርጉ ቀን ያማረ፣ በሳምንቱ የታመመ።
አልገጥም ያለ ብረት በምክር አይረታም፣
ቤት ያልመታ ስንኝም በመዶሻ አይመታም።

ልጁ ሚስባህ ዝም ብሎ ሲሰማን ቆየና
ከክምሩ ግርጌ ገባ፣
ዶሮ እንቁላል ከምትጥልበት ጎማ ኋላ፤
አንድ ዝገት ጎትቶ አወጣ፣ ላባ የተለጠፈበት።
በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት።
ከዝገቱ ሥር ቁጥር ነበረ።
መዳፌን ዘረጋሁ፤ ላብ አንዷን አሀዝ አጥፍቷት፣
ሦስት ትሁን ስምንት፣ ማን ይፍታት?
ነቀነቅኩት፤ ዝም አለ።
ወደ ፀሐይ፤ ሰማይ አለ።
ካርቶኔን አስጠጋሁ፣
አንደኛው ቀዳዳ፣ ሁለተኛው ቀዳዳ፣

ግጥም አለ።

አባ ፊጣ ሳቃቸውን ውጠው ዋጋ ጨመሩ፤
የዶሮዋንም ኪራይ ሳይቆጥሩ አልቀሩ።
«ሴንሰሩን ልመርቅሽ» አሉኝ። ገመዱን ቆጠርኩት፣
የኔ ባለ አራት ነው፣ የሳቸው ባለ ሦስት። ተውኩት።

ማታ ጣሂር አሰረው፤ ሞተሯን አስነሳ።
ከጭስ ማውጫዋ ፊት ነጭ አቡጀዲ ያዝኩ፣ ሳልሳሳ፤
ግራጫ ሆነ፣ እንደ እርግብ ደረት፤
ትናንት ቢሆን ከሰል በሆነበት።

ፈረንጅ አራዳ ስደርስ ዝናብ ጣለ።
መብራቷ ግን ቢጫ ናት፣ አሁንም በርታለች፣
የአራተኛዋን ገመድ ነገር ታውቃለች።
ይሁን፤ ሐሙስ ተመልሶ ይመጣል፤
ካርቶኔ ኪሴ ውስጥ አለ።