ሁለት አስኳል

ኒው ዴንቨር፣ ከሐይቁ ዳር፣ በጥቅምት አጋማሽ ላይ፣
ዝናቡ ካባራ ወዲህ ከጥዱ ሥር ምድሩን ብታይ፣
እብጥ ብሏል ስሱ አፈር፣
ሳቅ አፍኖ እንደያዘ ጉንጭ፣ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀር።

ሂዴኦ ጎንበስ ይላል፣ በሰማንያ ሁለት ዓመቱ፣
ቢላውን ኪሱ ትቶ ይፈለቅቀዋል በጣቱ።
ፖልያ ቅርጫት ይዛ ከኋላው ቆማለች፤
«ቀስ! እናትየዋን እንዳትነካ» ትለዋለች።

እናትየዋ ክር ናት፤ ከሥር ከሥሩ የምትሄድ፣
ሸማኔ የሌላት ድር፣ ማዶ የሌላት መንገድ።
ይኼ «የጅብ ጥላ» ያልነው፣ ቅርጫት ሙሉ የለቀምነው፣
ፍሬ ነው እንጂ፣ ዛፉስ ከእግራችን በታች ነው።

እኔ ተከራያቸው ነኝ፤ እታች ቤት፣ ማጉያዬን ይዤ፣
ማታ ማታ ያንን ክር ሳይ፣ በሐሳብ ፈዝዤ፣
አንድ ነገር ይከነክነኛል።

እኛ ስንፀነስ የአባት አስኳል ከእናት
ይዋሐዳል በዚያችው ዕለት፤
ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድሜ
የዚያች ሰዓት ቅጂ ነው፦ ጥፍሬ፣ ድምፄ፣ ሕመሜ።

እንጉዳይ አይቸኩልም።
ክርና ክር ሲገናኙ ግድግዳቸው ይፈርሳል፣ ጓዳቸው ይገጥማል፤
አስኳሎቹ ግን አይዋሐዱም።
ባንዲት ጎጆ፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት ሆነው ያድራሉ፣
አንዱ ሲባዛ አንዱም፣ እየተጠባበቁ ይባዛሉ፤
ዓመት፣ አሥር ዓመት፣ ከዚያም በላይ፣ በጨለማ፣
ሰርጉ ካለፈ ቆይቷል፤ የጫጉላው ወሬ አልተሰማ።

ብርድ ሲነክስ፣ ጥላው ሲዘረጋ፣ ከሽንሽኑ እጥፋት መሐል፣
ያን ጊዜ ብቻ፣ ላፍታ፣
አንድ ይሆናሉ። ወዲያው አራት ሆነው ይበተናሉ፣
ከነፋስ ጋር፣ ያለ ይሉኝታ።

የፖስታ ሣጥኑ ላይ ሁለት ስም አለ፦ ኒሺዳ፤ ማካርቶፍ።
ሁለት ማንቆርቆሪያ። ሁለት አልጋ።
እሷ በሩሲያኛ ትጸልያለች፤ እሱ በጃፓንኛ ዝም ይላል።
አርባ ዘጠኝ ዓመት። መንደሩ «ይኼ ምኑ ትዳር» ይላል።

ዛሬ ግን፣ ጥፍሩ ጭቃ እንደሞላ፣
ቀና ብሎ አያትና አንድ ቃል ወረወረ፤
የሷም ቋንቋ አልነበረ፣ የሱም አልነበረ።
ሳቀች። ቅርጫቱ ከእጇ ወደቀ።
ምን እንዳላት ብጠይቃት፣ «እኔ እንጃ» አለች።

ማታ አንዱን ጥላ ጥቁር ወረቀት ላይ ደፋሁት።
ጠዋት ሳነሣው ነጭ ዱቄት፣ የሽንሽኑን ቅርጽ አገኘሁት።
ቀኑን ልጽፍበት እስክሪብቶ ፍለጋ ዞር ስል፣
መስኮቱ ክፍት ኖሯል።
ግማሹ የለም።