የሙከራ እሪታ

ወር በገባ ቀን፣ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሲሞላ፣
ቢጫዋ ሳጥን ትወጣለች ከኮሶው ዛፍ ጥላ
ሰማይ ወደሚታይበት።
ሳሙና ታክላለች። ደረታችን ላይ ኪስ አሰፍተንላታል።
ፍተሻው ሰዓቱ በሞላ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው ይላል መመሪያው፤
ካለፈ፣ እስከሚቀጥለው መቆየት።

ቀዩን ክዳን አንነካም። ከሥሩ ያለው የእውነት ነው፤
እሱን ከተጫኑት ሰማይ ላይ የሚዞር አንድ ጆሮ ይሰማል፣
በማናውቀው አገር የማናውቀው ሰው ስልክ ያነሳል፣
ስልክ ስልክን እየጠራ መካነ ሰላም ይደርሳል፣
መኪና ይነሳል።
እኛ የምንጫነው ጎኗ ላይ ያለችውን ትንሿን፣
የሙከራዋን።

አገሬ እሪታ ሞክሮ አያውቅም።
ከገደሉ ማዶ አንዲት ሴት እሪ ካለች
በሬ ከነቀንበሩ ይቆማል፣ እርፍ ይለቀቃል፣
«ምን ሆንሽ?» የሚባለው ከተደረሰ በኋላ ነው።
ለሙከራ የጮኸ ሰው፣ አንድ ጊዜ ይመጡለታል፤
ሁለተኛ ቤቱ ቢነድ፣
«ምሳ እያበሰለ ነው» ይባላል።

ጫካው ስሙ ደንቆሮ ነው።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤
ይህን ያወጣው ግን ቀን ሙሉ ተጣርቶ
የደከመው ሰው ይመስለኛል።

ሙሄ አራጋው ያውቃል።
ያኔ ሳጥን የለም። ነሐሴ ነበር፣ ጅብራው በጉም ተውጦ፤
ወጥመድ ሲነቅል ወደቀ፣ ጭኑ ተሰብሮ፣ ከዐለት ሥር ተቀርቅሮ፣
ሁለት ሌሊት ተጣራ።
ስማችንን በየተራ ጠራ፤
የኔን፣ የአሊጋዝን፣ የሞተ አባቱን፣
በድንበር የተካሰሰውን ጎረቤቱን፣
ሰው ሲያልቅበት በሬዎቹን፣
ቦራን፣ ዳልቻን።
እኛ በዚያኛው ሸንተረር ከነፋስ ጋር እንከራከራለን።
በሦስተኛው ቀን የጭላዳ መንጋ ከአንድ ቦታ ሲሸሽ አየን፣
ወረድን።
እግሩ ዳነ።
ድምፁ እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ፍተሻው የሙሄ ነው።
ማንም አልመደበው። ሳጥኗ የመጣች ቀን
እጁን ዘረጋ፣ ሰጠነው።

አንቴናዋን ያቆማል፣ አውራ ጣቱን ያሳርፋል፣
በከንፈሩ ይቆጥራል፣
ጢጥ።
አረንጓዴ መብራት፣ ብልጭ።
በቃ።
ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ «ትሠራለች» ብሎ ይጽፋል፣
ባትሪዋ የሚያበቃበትን ዓመት በጥፍሩ ይዳስሳል።

እኔን የማይዋጥልኝ አንድ ነገር አለ፤
በተፈተሸች ቁጥር ከባትሪዋ ይቀነሳል አሉን።
መጮህ ትችይ እንደሆን እያልን
ከጩኸቷ እየሸረፍን።
ባንጠይቃትስ?
ደግሞ መብራቱ የሚለው «እጮሃለሁ» ነው፣
«ይመጣሉ» አይልም።
መምጣቱን ማን ይፈትሸዋል? የት ተጭኖ?
የመኪናዋ ጎማ፣ የሾፌሩ እንቅልፍ፣ ያረጀው ጉልበቴ
በየትኛው ደብተር ይፈረምባቸዋል?

ባለፈው ወር ይህን ለሙሄ ነገርኩት።
ያቺን የቀረችውን ሹክሹክታ እንኳ አላወጣም፤
ሳጥኗን ጆሮዬ ሥር አመጣ፣
ደግሞ ተጫነ።
በወር አንዴ ነው ሕጉ!

ጢጥ።

«አቤት!» አልኩ፣
ከተቀመጥኩበት ድንጋይ ብድግ ብዬ፣
እናቴ የጠራችኝ ይመስል።

ሙሄ ቆሞ አየኝ።
ደብተሩን ገለጠ፣ «ትሠራለች» ካለው ዝቅ ብሎ
የኔን ስም ጻፈ፣
ራይት አደረገበት፣
ሦስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ።