ልክ

አባቴ ሄድሊ፣ የሱፍ ፋብሪካው ማሽን ጠጋኝ፣
«ልክ ያልሆነ ሥራ ሥራ አይደለም» እያለ ነው ያሳደገኝ።
ሚስማር ስመታ፣ ዳቦ ስቆርስ፣ የጫማ ክር ስቋጥር፣
ልክ! ይላል ከኋላዬ፤ እንደ ሰዓት ነው የሚቆጥር።

አሁን ሰማንያ አንድ ሞላው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤
ሻይ ሊጠጣ ሲያነሣ ስኒው ከነሳህኑ ያቃጭላል።
ስለዚህ መዶሻው የኔ ሆነ፣
ወንበሩ የሱ፤ ምክሩም እንደ ዱሮው የጨከነ።

ከሃዎርዝ ቁልቁል ወደ ኪዝሊ ጋዝ ቀንሼ ስወርድ
ሰማያዊ ጭስ ከኋላዬ፣ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ሲጎተት በመንገድ።
ፈታኋት። የቫልቩን ዘንግ በጣቴ ብወዘውዘው
እንደ ወተት ጥርስ ላላ። ጋይዱ ነው ያለቀው።
ጋይድ ማለት፣ ለማያውቀው፣ ጠባብ የነሐስ ቧንቧ ነው፤
ቫልቩን ቀጥ አድርጎ የሚያስኬደው፣
በደቂቃ ሁለት ሺህ ጊዜ ሲወጣ ሲወርድ
እንዳይንጋደድ።

ቴስታታውን ከእናቴ ምድጃ ከተትኩት።
ማቪስ መስኮቱን በሙሉ ከፈተች፤ ዝናቡ ገባ፣ ዝም አልኩት።
«ለእሁድ ሥጋ የተገዛ ምድጃ፣ ብረት ይጋገርበት?»
የአርባ ዓመት ዘይት ጨሰ፤ መጋረጃው ላይ ቀረበት።
ምራቄን እንትፍ ባደርግበት ጠብታው ዘሎ ጠፋ፤
ጊዜው ደረሰ ማለት ነው፤ አሉሚኒየሙ ሰፋ።
ብረት እንደ ጋለ ይቀጥቀጥ ይላል የሰው ተረት፤
እዚህ ግን ሙቀቱ ለዱላ አይደለም፤ ለመልቀቅ ነው፣ ለምሕረት።

ዘንጉን ደግኜ ሦስት ጊዜ መታሁ፤
ወጣ። አብሮትም ሌላ ነገር ወጣ፤ ጎንበስ ብዬ አየሁ።
ጋይዱን እንደ ሻሽ የጠመጠመች ስስ ቆርቆሮ፣
ከትምባሆ ጣሳ የተቆረጠች፣ የዛሬ አርባ ዓመት ዱሮ፤
ደብዛዛ የመርከብ ሥዕል፣ ግማሽ ሸራ፣ ግማሽ ማዕበል፣
በጥቀርሻ ጠቁራ፣ ግን ያልበላት ነበልባል።

አባቴን አየሁት።
ሻዩን አየ። ስኒው ዝም አለ።
«ቀዳዳው ሰፍቶ ነበር፤ መግዣው ከየት ይምጣ?
ፋብሪካው ተዘግቷል፤ የእናትሽም ምጥ ሊመጣ።»
ከዚያ በላይ አላለም። እኔም አልጠየቅኩ፤
ማጭበርበሩን ይዤ፣ ደስ ብሎኝ፣ ወደ ማይክሮሜትሩ ሄድኩ።

ለካሁት። ጫፏን፣ መሀሏን፣ ሌላኛዋን ጫፍ፤
ያው ቁጥር። ያው ቁጥር። ልዩነቱ ከፀጉር ስንጣቂ የማያልፍ።
በአሸዋ ወረቀት ፈትጓታል፣ በዚያ ሌሊት፣ በጣቱ፣
ልኳ እስኪሞላ፤ ያኔ እጁን ሳይከዳው ጽናቱ።
አባቴ ሲያጭበረብር እንኳ በልክ ነበር።

ክሌመንት አክሮይድ በቶርኖው ወፈር ያለ ነሐስ ቀረጸልኝ፤
«ሁለት ቢራ» አለ ሂሳቡን፤ ሦስት አስከፈለኝ።
ፍሪዘር አስገባሁት፣ ከአተሩ ከረጢት ሥር፣
ሲኮማተር እንዲያድር።

ቅዳሜ ምድጃው ዳግም ጋለ። ማቪስ እህቷ ዘንድ ሄደች፤
«ስመለስ ዓሣ ነው የምጋግረው፤ ዘይት ዘይት ቢል!» ብላ ዛተች።
አሁን ነው ጭንቁ። ስድስት ሰከንድ ቢኖር ነው እጄ ላይ ያለው፤
በረዶው ሲሞቅ፣ ሞቃቱ ሲበርድ፣ መንገዱ ዝግ ነው።
ግማሽ ላይ ብታመነታ፣ አበቃ፤
ነሐሱ ነክሶ ይቀራል፤ ቴስታታውም ወይ ሊነቃ።

«አትቁሚ!» አለ አባቴ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።
መታሁ።
ድም። ድም። ውርጩ ከነሐሱ ላይ በነነ፣ ጢስ መስሎ።
ድም —
ከዚያ ቅጭል። ድምፁ ተለወጠ።
የጋይዱ ትከሻ ከቦታው ተቀመጠ።
የበሩን ደወል፣ የማቪስን ጥሪ የማይሰማው አባቴ
«ደረሰ» አለ፣ ከኔ ቀድሞ፣ ላቤን ገና ሳልጠርግ ከፊቴ።

ማታ ዓሣው ዘይት ዘይት አለ፤ ማንም ትንፍሽ አላለም።
ቆርቆሮዋን ፈለግኳት፤ ጠረጴዛው ላይ የለችም።
አልጠየቅኩም።
አባቴ እጁን ኪሱ ከቶ ተቀምጧል፤
እጁ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይሰማኛል፣
አንዳች ስስ ነገር፣ ከሳንቲም ጋር ሲላተም።