የኔቫ ወንበር

የድንጋይ ከሰሉ ባቡር ከቀረ ወዲያ፣
ሐዲዱ ለቁጥቋጦ፣ ለእባቦች መዋያ፣
በኬንታኪ ተራሮች፣ ከአንድ ጠባብ ሸለቆ፣
ቤቱን አገኘሁት፣ ጣሪያው በዝገት ደምቆ።

ቨርል ኮውዲል ይባላል። ሰማንያ አንድ ዓመቱ።
ሠላሳውን ቆፍሯል፣ ከምድር በታች ነው ሌሊቱ።
ሳንባው ከሰል ጠጥቶ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣
ጣቱ ግን ክር ሲነካ ይሮጣል ከዕድሜው አምልጦ።

እኔ ከሬድዮ ጣቢያ የመጣሁ ባለሙያ ነኝ፣
"የሽማግሌውን ድምፅ ሳይጠፋ አድን" ብለው የላኩኝ።
አንድ የፖም ሣጥን ሙሉ ሸክላና ቴፕ አመጣ፣
ከአልጋው ሥር ሲጎትተው አቧራው እየወጣ።

የመጀመሪያው ሸክላ፣ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ኖክስቪል፣ ከጫማ መደብር ፎቅ ላይ ነው ቅጂቱ።
ስሙን አሳስተው "ቨርን ካድል" ብለው ጻፉት፣
ሃያ ዶላር ከፍለው በአውቶብስ ሸኙት።
"ብታገኘው" አለኝ ስቆ፣ "ያንን ቨርን ካድል፣
ሃያ ዶላርህን ጠጥቶብሃል በለው፣ ቨርል ኮውዲል።"

ሁለተኛው ሸክላ አምስት መቶ ታትሞ፣
ኩባንያው ከሰረና በመጋዘን ከርሞ፣
ጎረምሶች ኢላማ አደረጉት፣ አየር ላይ እየወረወሩ በጠመንጃ መተው።
አንዱ ተርፏል፣ ጠርዙ ተሸርፎ።
"ይህን የሳተውን ልጅ እግዜር ይባርከው።"

ሌላው ሁሉ ቴፕ ግን እዚሁ ማድ ቤት ነው፣
ከፈረቃ ሲመለስ፣ ጥላሸቱን ከፊቱ ሳያጥበው፣
መስኮቱን ዘግቶ፣ ማቀዝቀዣውን ነቅሎ፣
ማጉረምረሙ ዜማ እንዳይረብሽ ብሎ፤
ስለተደፈነ ጉድጓድ፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ባንክ ዕዳ፣
ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ፣ በሠርጉ ማግሥት ስለመጣ ሙሽራ እንግዳ።

ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስሰማ፣
ከዘፈኑ ሥር ሌላ ድምፅ አለ፣ ከክሩ ያልተስማማ፤
ሲጢጥ…
ሲጢጥ…
እንደ በር፣ እንደ አይጥ።

ሞያዬ ነውና ሦስት ቀን ተቀምጬ፣
ያንን ሲጢጥታ አንድ በአንድ ቆርጬ፣
አጥቤ አመጣሁለት፣ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ።
አዳመጠ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ።

"ይሄ ማነው?" አለኝ።
"አንተ ነህ።"
"አይደለሁም።
እንዲህ ባለ ባዶ ቤት እኔ ዘፍኜ አላውቅም።"

ወደ ጥግ ጠቆመኝ። የሚወዛወዝ ወንበር፣
አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ፤ ድመት ተኝታበት ነበር።
"ኔቫ ነች" አለ። "ባቄላ እየፈለፈለች፣
እዚያ ትቀመጣለች፤ ምቱን የያዘች እሷ ነች።
እኔ ከተተውኩማ እንደ ደነበረ በቅሎ እሮጣለሁ፣
ወንበሯ ወደ ኋላ ሲል ነው ትንፋሽ የምወስደው አለሁ ብዬ፣ አለሁ።

"አንዴ ናሽቪል ጠሩን። ወንበሯን መኪና ላይ ጭነን፣
ደረስን። 'ሴትዮዋ ትውጣ፤ ይጮኻል' አሉን።
ጊታሬን ከተትኩ። ወጣን። በመንገድ ሐብሐብ ገዝተን፣
ፍሬውን አስፋልቱ ላይ እየተፋን በላን።
እሷ አለቀሰች መሰለኝ።
እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ጠግቤ ነበር።"

የመጨረሻው ቴፕ ላይ የተጻፈው ቀን ግን፣
ኔቫ ከተቀበረች ስምንት ወር አልፎ ነው፤ ጨነቀኝ።
ሲጢጥታው አለ። ያው ምት። ያው ዝግታ።
"ማን ተቀምጦበት ነው?"
ዝም አለ ላንዳፍታ።

መሳቢያውን ስቦ አወጣ የዓሣ ማጥመጃ ክር፤
ርዝመቱ ከጫማው አፍንጫ እስከ ወንበሩ እግር።

ማታ ወደ ጣቢያው ሄጄ የቆረጥኩትን ሁሉ፣
ከኮምፒውተሩ ቆሻሻ ለቅሜ መለስኩት፣ ሙሉ በሙሉ።

ሐሙስ በአየር ላይ ሲውል አንድ ሰው ደወለ፤
"መሣሪያችሁ ተበላሽቷል፣ የሆነ ነገር ይጮኻል" አለ።
"አውቃለሁ" አልኩት።
"ባቄላ እየፈለፈለች ነው።"