የማትተነፍስ ሣጥን

የቀድሞዋ ጮኸች፤ ግንቦትን ሙሉ ጮኸች፣
እንደ ወፍጮ ቤት፤
ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ከዚራ ጥላ ሥር ውሻ እንኳ በተኛበት፣
ድንገት ዝም አለች።

ከፈትኳት። የደቻቱ አቧራ በማራገቢያዋ ዙሮ፣
እንደ ሱፍ ተዳውሮ፣
በክንፎቹ መሐል አንዲት እንሽላሊት ደርቃ፣
ጅራቷ ከሽቦው ጋር አብሮ ተቋጥሮ።

ኢፍቱ ከላቦራቶሪው ወጣች፣ ጓንቷን ሳታወልቅ፦
«የልጁ የደም ውጤት አልሄደም፤ ሐኪሙ ሐረር ነው፣ ይጠብቃል።»
ሲስተር ፈትያ ከመሳቢያዋ ብር ቆጠረች፣ ሁለት ጊዜ ቆጠረች፦
«ርካሹን አትይ። የማይሞተውን ግዢ።»
የማይሞት? አልኩ በሆዴ።
በድሬ ፀሐይ፣ በዚህ አቧራ፣ የማይሞት ማን አለ?

ታይዋን ገበያ፣ ከሽቶው ካርቶን ጀርባ፣
ሙስጠፌ ሣጥኖቹን እንደ ተምር ደረደረልኝ።
ቀይ ሰማያዊ የምታበራዋን አስቀደመ፦
«ይቺ ፈጣን ናት እህቴ፣ ጥይት ናት!»
እኔ ጥይት ምን ያደርግልኛል።
የምፈልገው ዘበኛ ነው፤
ከደጅ የመጣውን «ማነህ?» የሚል፣
ከቤት የወጣውን የሚሸኝ፣
ሌት ከቀን የማያንቀላፋ፣
ደሞዙ አሥር ዋት።

ገለበጥኳቸው፣ የኬብል ቀዳዳቸውን ቆጠርኩ።
አንድ ብቻ ያላትን መለስኩ፤
መግቢያውም መውጫውም አንድ ከሆነ ግፊያ ነው።
ባለ አራቷን አነሳሁ፣ ዋጋዋን ሰማሁ፣ አስቀመጥኩ፤
ደግሞ አነሳሁ።
አያቴ ጀጎል ውስጥ፣ በአምስት በር መሐል ያደጉ ሰው ናቸው፤
«አንዱ ቢዘጋስ ያለ ሰው ነው የሠራት» ይሉ ነበር።

ከጎን ሱቅ ምድጃ የሚጠግኑት ጋሽ ወንድይራድ፣
የምድር ባቡር ጡረተኛ፣
መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ።
ሁለት ሣጥን መረጡ፣ ማራገቢያ የሌላቸውን፤
አንዷ ከባድ፣ ጀርባዋ ሽንሽን፣ አንዷ ቀላል፣ ልሙጥ።
«ይሄ ሽንሽን ለጌጥ እንዳይመስልሽ።
ብረት ሲሰፋ እሳት መሄጃ ያገኛል፤
ሎኮሞቲቩንም ያኖርነው እንዲህ ነው።
በል ሙስጠፌ፣ ሁለቱንም አብራና ሻይ አስመጣ።»

ሻዩ አለቀ። ሌላ መጣ። እሱም አለቀ።
መዳፌን አሳረፍኩ፦
ልሙጧ ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ፤
ሽንሽኗ ትፋጃለች።
ሙስጠፌ አፈረ፦ «ወላሂ አዲስ ናት! ቀዝቃዛዋን ውሰጂ።»
ሽማግሌው ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ፦
«ቀዝቃዛዋማ ሁሉን በሆዷ ይዛለች።
እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ፤ ፈገግ እንዳለ ነው የወደቀው።
ይቺ ቆዳዋ የሚያቃጥለው ልቧን ልታበርድ ነው።
የምትፋጀውን ውሰጂ።»

ወሰድኳት።
የምዕራብ ፀሐይ ከማያገኘው ግድግዳ ላይ፣ ከፍ አድርጌ፣
ሽንሽኗን ሽቅብ አቁሜ ቸነከርኳት፤ ሙቀት ወደ ላይ ነው መንገዱ።
አራቱን ገመድ አጎረስኳት፤
አንዱ ለውጭው፣ አንዱ ለላቦራቶሪው፣ አንዱ ለካርድ ክፍሉ፤
አራተኛው ባዶ፣ «ቢዘጋስ» ለሚባለው ቀን።
ኢፍቱ በመስኮት ብቅ ብላ «ሄደ!» አለችኝ፣
እጇን እያወዛወዘች።

ያን ሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
የፊተኛዋን በጩኸቷ ነበር የማምናት፤
ስታጓራ አለች፣ ዝም ስትል የለችም።
ይቺ ግን ስትኖርም ዝም ነው፣ ብትሞትም ዝም።
በሰባት ሰዓት ተነሳሁ፣ በባዶ እግሬ፣
እንደ ታማሚ ግንባር ዳሰስኳት፤
ትኩስ። ተመልሼ ተኛሁ።
በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ተነሳሁ።

አሁን ታኅሣሥ ነው፤ ንጋት ላይ ድሬም ትበርዳለች።
ዛሬ ገና ሳይነጋ ለመዳሰስ እጄን ስሰድ
ሌላ ሰው ቀድሞኛል፦
ግልገል እንሽላሊት፣ በሽንሽኑ መሐል፣
ሆዷን በብረቱ ለጥፋ፣ ዓይኗን ከድና።

እጄን ሰበሰብኩ።
ትሙቅ።