የበላይ ተመልካች

በየሦስት ወሩ ሱ ፎልስ ላይ እንቀመጣለን፣
ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ማሞቂያው እያንኳኳብን።
አሥራ አምስት ወንበር ነው፤ ሁለቱ ዛሬም ባዶ፤
አንዱ ሰው ያልተሾመበት፣ ሌላው በበረዶ
መንገድ የተዘጋበት የአንድ ገበሬ።

ሹመቴን የጻፉት በወፍራም ወረቀት ነው፣
የአገረ ገዥው ማኅተም ይጎረብጣል ስዳስሰው።
ሥራዬን በአማርኛ ለራሴ ስመልሰው
«የበላይ ተመልካች» ሆኖ አረፈው።
ከስምንት ዓመቴ ወዲህ ፀሐይ ያልታየኝን፣
እኔን፣ ዘርፈሽዋልን!
ብቻዬን ሳቅሁ። ማርሊስ «ምነው?» አለች።
«የቋንቋ ነገር» አልኳት፤ ተወችኝ።

የዛሬው ሪፖርት ሠላሳ ስምንት ገጽ፤
ሌሎቹ በዓይን ሲያልፉት እኔ በጆሮዬ፣
ኮምፒውተሬ እንደ ጨረታ አስጫራች እየተጣደፈ
ስንቱን የሰው ዓመት በአንድ ትንፋሽ አሳለፈ፦
«ሥራ ይዞ፣ በስኬት የተዘጋ፣ ሁለት መቶ ስድስት።
ብቁ ያልሆነ፣ ሠላሳ ሦስት።
ያልተገኘ፣ አርባ አንድ።»

እዚህ ላይ አቆምኩት። ጣቴን ቁልፉ ላይ ጫንኩ፤
«ያልተገኘ» የሚለውን ሦስቴ አስደገምኩ።
ጉዳይና ጉዳት ጎረቤት ናቸው፣
የመጨረሻዋ ፊደል ናት የምትለያቸው።
ጉዳዩ ተዘግቶ ጉዳቱ ክፍት ያደረ ስንት ይሆን?
ሰንጠረዡ ለዚህ ዓምድ የለው፤ መልስ አልሰጠን።

እጄን አነሣሁ። ሰብሳቢያችን ማርሊስ
(ዊልቸሯ ሲዞር ሲጥ ይላል፣ በዚያ ነው የምለያት)
ዕድሉን ሰጠችኝ።
«እነዚህን አርባ አንድ ሰዎች እንዴት ፈለጋችኋቸው?»
«ደብዳቤ ላክን» አለ የመሥሪያ ቤቱ ሰው፣ «ሦስት ጊዜ፣ ለያንዳንዳቸው።»
«በምን?»
«በፖስታ።»
«እሱንማ ሰማሁ። ወረቀቱ ላይስ፣ በምን?»
ማሞቂያው አንኳኳ።
«በ... በቀለም» አለ።

አንዱን አውቀዋለሁ፤ ቫን ላይ ነው የተዋወቅነው።
ዴልበርት ከዚህ አራት መንገድ፣ ከጎማ ቤቱ በላይ ይኖራል፤
የሣር ማጨጃ ሞተር ፈትቶ ይገጥማል፣
እኩለ ሌሊት፣ መብራት ሳያበራ፤ ለማን ብሎ ያበራል?
የጠየቃቸው አንድ ነገር ነው፣ የጥገና ትምህርት፤
አሥራ አንድ ወር ጠበቀ፤ ሦስት ፖስታ መጣለት።
ከፒዛ ማስታወቂያ፣ ከመብራት ሂሳብ ጋር ማቀዝቀዣው ላይ ደረደራቸው፤
የእህቱ ልጅ ራፒድ ሲቲ ገብቷል፤ ማን ያንብባቸው?

ስሙን አልጠራሁም፤ ደንብ አለ።
ይህን ብቻ አልኩ፦ ለዓይነ ስውር በቀለም ጽፎ «አልተገኘም» ማለት፣
መስማት የተሳነውን ከደጅ ተጣርቶ «ቤቱ የለም» ብሎ መመለስ ነው።
ኦርቪል በእጁ ተናገረ፤ አስተርጓሚዋ ድምፅ ሆነችው፦
«እኔን ነው ያለችው፤ እደግፋለሁ።»
ዘጠኝ ደገፉ። ሁለት ታቀቡ። የቀሩት ወደ ቡናው ሄደዋል።

ግን ምክር ቤት ነን፤ ከምክር ሌላ በእጃችን የለም፣
ቢሰሙን መልካም ነው፣ ባይሰሙን ማንም አይከሰስም።
ስሙ ቤት ነው እንጂ፣ ስንት ዓመት ተሰብስበን
ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ቤት መትቶልን አያውቅም ቃላችን።
ቃለ ጉባኤው ሲነበብ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት፦
«አንዲት አባል የደብዳቤ አጻጻፍን በሚመለከት
ጥያቄ አነሡ።»

ውጭ ቫኑን ስጠብቅ፣ ነፋሱ ከሜዳው መጥቶ ሲገርፈኝ፣
ስልኬን አወጣሁ። የጠፋው ሰው ቁጥር አለኝ።
እነሱም አላቸው፤ ፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው የሚጻፈው።

ሁለቴ ጠራ።
«ዴልበርት፣ አለህ?»
ከኋላው ብረት በብረት ይፋቃል።
«አለሁ» አለ፤ «የት እሄዳለሁ?»